የመሸታ ቤት ፒያኖ ተጫዋች የደረሰው መዝሙር በሐዘንተኛ ፊት ይዘመራል ወይ? (ከ34 ምላሾች ጋር)

ይህን ክር፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረካችን ላይ የተደረገውን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የመዘምራን ኅብረታችን ባለፈው ወር አንዲት እናታችንን ቀበረ። ለመታሰቢያ ጸሎቱ አንድ የእንግሊዝኛ መዝሙር ተርጉመን ልምምድ ጀመርን፤ ርእሱ «ውድ ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝ» እንደ ማለት ነው። በሁለተኛው ልምምድ ከቴነሮቹ (ከፍ ባለው የወንድ ድምፅ ከሚዘምሩት) አንዱ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ደራሲው ዘፋኝ ስለ ነበር፣ ዜማውም የመሸታ ቤት ዜማ ስለ ሆነ እንደማይዘምር ተናገረ። ማንም አልተቆጣውም። ኪቦርዱ ተዘጋ፤ በየፊናችን ወደ ቤታችን ሄድን።

ያን ማታ መድረኩ ላይ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። መሸታ ቤት ሲጫወት የኖረ ሰው የደረሰውን መዝሙር ልቡ በተሰበረ ቤተሰብ ፊት መዘመር ተገቢ ነው ወይ? ተገቢ ከሆነስ ምን የሚያጽናና ነገር አለው? የደራሲውን ማንነትም ከአንድ ስብከት እንደ ሰማሁት አድርጌ ጻፍኩ፤ ቶሚ ዶርሲ የተባለው ዝነኛ የትሮምቦን ተጫዋች ነው አልኩ።

ምላሹ 34 ደረሰ። ከመሃል የገቡ ሰዎች የተባለውን መልሰው ስለሚጠይቁ፣ የተባባልነውን በየቁጥሩ በራሴ ቃል ላስፍር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው ምላሽ ምርቃት ነበር። አንዲት እኅት ላረፉት እናታችን የነፍስ ዕረፍትን፣ ለቤተሰቡ መጽናናትን ተመኘች፤ ስለ መዝሙሩ ምንም አላለችም። እንዲህ ያለ ክር በምርቃት መጀመሩ ደስ ይለኛል።

2ኛው እርማት ይዞ መጣ፤ ጨዋ፣ ግን የማያወላዳ እርማት። ዶርሲዎቹ ሁለት ናቸው። ቶሚ ዶርሲ በ1905 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የተወለደ፣ የዳንስ ሙዚቃ ቡድን የመራ ነጭ አሜሪካዊ ነው፤ በ1956 ሞቷል። መዝሙሩን የደረሰው ግን ቶማስ አንድሩ ዶርሲ ነው፤ በ1899 ጆርጂያ ውስጥ ቪላ ሪካ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የሰባኪ ልጅ፣ በ1993 ቺካጎ ውስጥ በ93 ዓመቱ ያረፈ። ስሕተቱ የእኔ ነበርና እዚያው አረምኩ። የስም መምታታት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሚስቱንና ልጁን ቀብሮ ያወጣውን ቃል ወስዶ ለሌላ ሰው መስጠት ቀላል ነገር አይደለም።

3ኛው አልተቀበለም። የቶሚ ዶርሲ ታሪክ የተጻፈበት፣ የሻማ ሥዕል ያለበት መልእክት ከሦስት አገልጋዮች በስልኩ እንደ ደረሰው፣ ሦስቱም ሐሰት ሊነግሩት እንደማይችሉ ጻፈ። 4ኛው ሦስቱ አገልጋዮች ከአንድ ምንጭ ከወሰዱት ምስክሩ አንድ ብቻ መሆኑን አስረዳና የሁለቱን ዶርሲዎች ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አደረገ። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር የተከራከረ የለም።

5ኛዋ ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር እኅት ናት፤ የሰውየውን ሕይወት ያስነበበችን እርስዋ ናት። አባቱ እሑድ እሑድ ይሰብካል፣ በሥራ ቀን የሰው መሬት በእኩል ያርሳል። እናቱ ኦርጋን ትጫወታለች። ቤተሰቡ ኑሮ ከብዶት ወደ አትላንታ ሲፈልስ ልጁ ዲካተር ጎዳና ላይ በነበረው 81 ቲያትር ለስላሳ መጠጥ እያዞረ ይሸጥ ጀመር፤ ጠርሙሱ በእጁ ቢሆንም ዓይኑ ከፒያኖ ተጫዋቾቹ ጣቶች አይነቀልም ነበር። የፒያኖን ጥበብ የለቀመው በዚያ ዓይነት ነው። በወጣትነቱ ወደ ቺካጎ ወጣ። በ1924 የብሉዝ እናት የምትባለውን ዘፋኝ ማ ሬይኒን በፒያኖ አጀበ፤ በመድረክ ስሙ ጆርጂያ ቶም ተባለ። በ1925 ኔቲ ሃርፐርን አገባ። በ1926 ግን ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያዘውና ሁለት ዓመት ገደማ ከፒያኖ አራቀው። ሐኪሞች በሽታውን አላገኙትም፤ ራሱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ ደረሰ። ከዚያ ሲያገግም የቤተ ክርስቲያን መዝሙር በብርቱ ይጽፍ ጀመር። አምስት ዶላር ተበድሮ የአንድ መዝሙሩን 500 ቅጂ በመላ አገሪቱ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት በፖስታ ላከ። እርሱ ራሱ ሲናገር፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ እስኪመጣለት ሦስት ዓመት ጠብቋል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ልጨምር። ብሉዝ ምን ዓይነት ዘፈን ነው ብለው በውስጥ መስመር የጠየቁኝ ነበሩ። ከእኛ ዘንድ የሚቀርበው እንጉርጉሮ ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን፣ መንገድ ሲሄድ፣ ወፍጮ ሲፈጭ የሚያንጎራጉረው ብሶት፤ እነርሱ ጊታርና ፒያኖ ጨምረውበት መድረክ ላይ አወጡት።

ከ6ኛው ምላሽ ጀምሮ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ጸሐፊው ቴነሩን ደገፈ፤ ባዶ እጁንም አልመጣም። ዶርሲ በ1928 ታምፓ ሬድ ከተባለ ጊታር ተጫዋች ጋር የቀረጸው ዘፈን በሰው ፊት የማይደገም ቃል የሞላበት፣ በብዙ ብዛት የተሸጠ መሆኑን አስታወሰ። በዚያን ጊዜ ሰውየው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር መጻፍ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ዘፋኝ ነበር፣ ከዚያ ተመለሰ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ አንድ እጅ በሳምንቱ መሃል ያን ጽፎ እሑድ ይህን ይጽፍ ነበር። ለሁለት ጌቶች መገዛት ማለት ይህ ነው ሲል ዘጋ። 7ኛው ይህንኑ አጠናከረ፦ እኛ ዘንድ ዘፈን ትተው የመጡ ዘማርያን ካሴታቸውን ሰብረው፣ ክራራቸውን አስቀምጠው መጥተዋል፤ የተከፈለ ዋጋ አለ።

8ኛው በቁጣ ተነሣ። የየደራሲውን ጓዳ እየፈተሽን የምንቀጥል ከሆነ ከመዝሙር ደብተራችን ሽፋኑ ብቻ ይቀራል አለ፤ 6ኛውንም ፈሪሳዊ ብሎ ሰደበው። ስድቡን አልወደድኩትም፤ በይፋም ተናግሬዋለሁ። 6ኛው ያለው እውነት ነው፤ ደስ የማይል እውነት ስለሆነ ብቻ ሰውን ፈሪሳዊ ማለት አይገባም። የ8ኛው ቁጣ ግን አንድ ቁም ነገር ይዞ ነበር፦ ይህ የእኛ ጭቅጭቅ አዲስ አይደለም። በ1930ዎቹ የቺካጎ ታላላቅ ጥቁር አብያተ ክርስቲያናት የአውሮፓን ዜማ በኖታ የሚዘምሩ ነበሩ፤ ማጨብጨብና መወዛወዝ እንደ ኋላ ቀርነት ይታይ ነበር። ዶርሲ የመጣው ያንኑ ሊያመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መመለሱን እርሱ ራሱ በየቃለ ምልልሱ ይናገር ነበር።

9ኛውን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የነሐሴ 1932ን ነገር ዶርሲ በሕይወት ሳለ ይተርከው እንደ ነበረው አስቀመጠው። ኔቲ የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ነበር። ዶርሲ ሴንት ሉዊስ ከተማ ለተዘጋጀ ትልቅ ጉባኤ እንዲዘምር ተጠርቷል፤ መሄድ አልፈለገም፣ ቀጠሮ ግን ቀጠሮ ነው። መኪናውን አስነሥቶ ከቺካጎ ወጣ። መንገድ ከጀመረ በኋላ የሙዚቃ ወረቀቶቹን የያዘውን ቦርሳ ቤት እንደ ረሳ ትዝ አለውና ተመለሰ። ሲገባ ኔቲ ተኝታለች። አልጋው አጠገብ ቆመ፤ አንዳች ነገር ቅር ብሎታል። እንዳትነቃ ብሎ ቦርሳውን አንሥቶ በቀስታ ወጣ።

በማግሥቱ ማታ ሴንት ሉዊስ ላይ ሕዝቡ ጨምር እያለው ደጋግሞ ዘመረ። ሲቀመጥ አንድ መልእክተኛ ልጅ ቴሌግራም ይዞለት መጣ። ሚስቱ ሞታለች። ሕዝቡ ገና እየዘመረና እያጨበጨበ ነው፤ እርሱ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ቺካጎ ሲደርስ ኔቲ ወንድ ልጅ ወልዳ እንደ ሞተች ነገሩት፤ ሕፃኑም አልቆየም። እናትና ልጅን በአንድ ሣጥን ቀበረ።

የ9ኛው ጸሐፊ ያሰመረበት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሰባክያን ብዙ ጊዜ ከሣጥኑ ቀጥታ ወደ መዝሙሩ ይዘላሉ። ዶርሲ ግን እግዚአብሔር እንደ በደለው ተሰምቶት ነበር፤ ሊያገለግለው አልፈለገም፣ የወንጌል መዝሙር መጻፍ አልፈለገም፣ ወደሚያውቀው የዘፈን ዓለም ሊመለስ ቆርጦ ነበር። ሰውም ሸሸ። ከቀናት በኋላ ቲዮዶር ፍራይ የተባለ ዘማሪ ወዳጁ ፖሮ ኮሌጅ ወደሚባል ግቢ ወሰደው። ክፍሉ ውስጥ ፒያኖ ነበር፤ ዶርሲ ተቀመጠና ቁልፎቹን ይነካካ ጀመር። መዝሙሩ የመጣው እዚያ ነው። ምላሹ ያበቃው በአንድ መስመር ነው፦ ጸሐፊው ራሱ ከአራት ዓመት በፊት ባለቤቱን ቀብሯል፤ እርሱም ከቀብር በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል።

10ኛውና 11ኛው እግዚአብሔር ያጽናህ ብለውት አለፉ። ሌላ የሚባል አልነበረም።

12ኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነበር። እንግዳ ሆኖ መግባቱን ይቅርታ ጠይቆ፣ በእርሱ ቤት የዜማው መሠረት ቅዱስ ያሬድ መሆኑን፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተለያየ ጠባይ እንዳላቸው አስረዳ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይነካም፤ ሐዘኑን የሚሸከመው ድምፅና መቋሚያ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የጠየቀው ጥያቄ ጥሩ ነበር፦ ለመሆኑ ሐዘንተኛ ቤት ኪቦርድ ለምን ያስፈልጋል? 13ኛው ግን ይህን እንደ ነቀፋ ቆጥሮ ስለ ኪቦርድ ዋጋና ስለ ድምፅ ማጉያ ኪራይ ረጅም ሐተታ አወረደ። ከርእሳችን ጋር አይገናኝምና አልፈዋለሁ።

14ኛው የሙዚቃ መምህር ነው፤ የክሩን አካሄድ የቀየረው እርሱ ነው። ሁላችንም የምንከራከረው የብሉዝ ዜማ ቤተ ክርስቲያን ገባ አልገባ ብለን ነበር። መምህሩ የመዝሙሩን ዜማ በዶ ሬ ሚ ጻፈና ከሥሩ ሌላ ዜማ አሰፈረ። ለሚያነብ ሰው ዝምድናቸው አይሰወርም። ሁለተኛው «ሜይትላንድ» ይባላል፤ በ1844 ጆርጅ ኔልሰን አለን የተባለ የኦሃዮ ኦበርሊን ኮሌጅ የሙዚቃ መምህር ያሳተመው፣ መስቀልን ብቻውን ኢየሱስ ይሸከም ወይ ብሎ በሚጀምር አሮጌ መዝሙር የሚታወቅ ነው። ዶርሲ በዚያች ቀን ፒያኖ ላይ የነካካው ይህንኑ ዜማ ነው። እንግዲህ ቴነራችን የመሸታ ቤት ዜማ ነው ብሎ ወረቀቱን ያጠፈበት መዝሙር፣ ዶርሲ ፒያኖው ፊት ከመቀመጡ 88 ዓመት በፊት በቤተ ክርስቲያን የተዘመረ ዜማ ላይ ቆሟል።

ታዲያ ብሉዙ የት አለ? መምህሩ ይህንንም መለሰ። ብሉዙ ያለው በአካሄዱ ነው። «ሜይትላንድ» በየምቱ እኩል እየረገጠ ይሄዳል፤ የዶርሲው ይዘገያል፣ ያንጠለጥላል፣ ዘማሪው በአንድ ቃል ላይ እንዲቆይና ድምፁን እንዲያጎብጥ ቦታ ይተውለታል። ፒያኖው የዘማሪውን ትንፋሽ ጠብቆ ይመልሳል። ከማ ሬይኒ ኋላ ተቀምጦ የተማረው ይህን ነው፤ የሚያዝን ሰው እስኪጨርስ መጠበቅን። መምህሩ የተናገረው ስለ አጃቢ ሥራ ብቻ ነበር። እኔ ግን ልቅሶ ቤት የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚረዳው ነገር ሆኖ አገኘሁት።

6ኛው በ15ኛው ምላሽ ተመልሶ መጣ። ስለ ዜማው የተባለውን ተቀበለ፤ እንዳላወቀ በግልጽ ጻፈ። ስለ 1928ቱ ዘፈን ግን አቋሙን አልለወጠም። አከበርኩት። 8ኛውም ስድቡን አነሣ። 16ኛው የሁለቱን እርቅ አይቶ ደስ እንዳለው ገልጾ ወጣ።

17ኛዋ አዋላጅ ነርስ ናት፤ የት እንደምትሠራ አልጻፈችም። የተናገረችውን ከሌላው ሁሉ አስበልጬ ማስፈር እፈልጋለሁ። እናት በወሊድ ስትሞት የሚሆነውን በዓይኗ አይታለች። ባልየው ኮሪደሩ ላይ የሕፃን ልብስ የያዘ ፌስታል ይዞ ይጠብቃል፤ ሐኪሙ ነግሮት ሲሄድም ፌስታሉን አይለቅም። ከዚያ ዘመድ ይመጣና በርታ፣ ወንድ አይደለህ ወይ፣ እግዚአብሔር ያውቃል ይለዋል። ሐዘንተኛን የሚጎዱት እነዚህ ቃላት ናቸው ብላ ታምናለች፤ ክፉ ሆነው ሳይሆን ጊዜያቸው ስላልደረሰ። ከዚያ ወደ መዝሙሩ መጣች። ያሉንን የማጽናኛ መዝሙሮች አስቡ አለች፤ ብዙዎቹ ለሐዘንተኛው የሚነገሩ ናቸው፦ አይዞህ፣ ጽና፣ አታልቅስ። ይህኛው ግን ሐዘንተኛው ራሱ የሚናገረው ነው። ደክሞኛል፣ አቅም የለኝም፣ ጨልሞብኛል፣ እጄን ያዘኝ ይላል። ለምን ሞተች ብሎ አይጠይቅም፤ መልስ አገኘሁም አይልም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የተመለሰው እዚህ ነው። መዝሙሩን ለዓመታት በካሴት ስሰማው ማን ለማን እንደሚናገር አስተውዬ አላውቅም ነበር። ሠልስት ላይ የምንዘምራቸውን አምስት መዝሙሮች አውጥቼ አየኋቸው፤ አራቱ ለሐዘንተኛው የሚነገሩ ናቸው።

18ኛው መጋቢ ነኝ ያለ ሰው ነው፤ በዚህ ተቆጣ። በርቱ ማለት የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል መሆኑን፣ ሐዘንተኛን ማበረታታት አገልግሎት እንጂ ጉዳት አለመሆኑን፣ ነርሷም ከሥራዋ ወጥታ ሥነ መለኮት ማስተማር እንደሌለባት ጻፈ። 19ኛዋ መለሰችለት፤ ቃሏ ከእሱ የከረረ ነበር። የራሷ እኅት የሞተች ጊዜ ሰባኪው አርባ ደቂቃ ሲናገር የእኅቷን ስም አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልጠራ አስታወሰች። ሁለቱም ስለ ሌላ ሰው ሐዘን ሳይሆን ስለ ራሳቸው ቁስል እየተነጋገሩ እንደ ሆነ ስለ ገባኝ ለአንድ ቀን እንዲያቆዩት ለመንኩ። መጋቢው በማግሥቱ በውስጥ መስመር ጽፎልኝ ነርሷን ይቅርታ መጠየቁን ነገረኝ። በአደባባይ ቢያደርገው ይሻል ነበር ብዬዋለሁ።

20ኛው ወደ ታሪኩ መለሰን። ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ሜምፊስ ውስጥ ሎሬይን ሞቴል በረንዳ ላይ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከታች ለቆመው ሳክስፎን ተጫዋች ለቤን ብራንች በዚያ ማታ ስብሰባ ላይ ይህን መዝሙር እንዲጫወትለት፣ አሳምሮም እንዲጫወተው አደራ አለው። ወዲያው ተተኮሰበት። ከአምስት ቀን በኋላ በቀብሩ ቀን ዝነኛዋ የወንጌል ዘማሪ ማሄሊያ ጃክሰን አትላንታ ላይ ዘመረችው። በ1972 ማሄሊያ ራሷ ስታርፍ ደግሞ ዘፋኟ አሬታ ፍራንክሊን ዘመረችላት። 21ኛው ይህን ካነበበ በኋላ ቀረጻውን ፈልጎ እንደ ሰማውና ሰዎቹ ለምን እያለቀሱ እንደሚያጨበጭቡ እንዳልገባው ጻፈ። 14ኛው መምህር ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ማጨብጨብ የደስታ ብቻ ምልክት አለመሆኑን፣ ዘማሪውን ብቻህን አይደለህም ማለት እንደ ሆነ አስረዳው። የእኛን አልቃሽና ተቀባይ አስቡ አለው፤ አልቃሿ ግጥሙን ስታወርድ የሚቀበላት ከሌለ ሙሾው አይቀጥልም።

22ኛው ቺካጎ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ዶርሲ ከ40 ዓመት በላይ መዘምራን የመራበት ፒልግሪም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው፤ 33ኛው መንገድና ኢንዲያና ጎዳና የሚገናኙበት። በ2006 ጥር ወር ጣሪያው ሲጠገን እሳት ተነሥቶ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ፤ የተረፉት ግድግዳዎች በብረት ተደግፈው ቆመዋል። ሰውየው ያለፈበትን አንድ የክረምት ማለዳ ሲተርክ፣ ጣሪያ በሌለው ግድግዳ ውስጥ በረዶ እንደ ሜዳ ተነጥፎ አየ፤ መዘምራኑ ይቆሙበት የነበረው ቦታ የት እንደ ሆነ ለመገመት መኪናውን አቁሞ ጥቂት ቆየ። ደንበኛ ጠርቶት ሄደ።

23ኛው ከእስራኤል የጻፈ ወንድም ነው፤ ሕንፃው መጀመሪያ ምኩራብ እንደ ነበር ነገረን። በ1891 የተጠናቀቀ፣ አድለርና ሱሊቫን የተባሉት አርክቴክቶች የሠሩት፣ ስሙም «የምዕራብ ሰዎች ጉባኤ» ማለት የሆነ የአይሁድ ማኅበር ምኩራብ ነበር። በ1920ዎቹ ባፕቲስቶቹ ገዙት። የዳዊት መዝሙር በዕብራይስጥ የተነበበበት ግድግዳ የዶርሲን መዝሙር መስማቱ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔም ነው።

24ኛዋ ሴቶቹን ረሳችኋቸው ብላ ገሠጸችን፤ ልክ ናት። ዶርሲ የመዝሙር ወረቀቶቹን በአሥር በአሥር ሳንቲም እየሸጠ ገንዘቡን በወጉ አይይዝም ነበር። ሳሊ ማርቲን የምትባል ዘማሪ ሥራውን እንደማያውቅበት ፊት ለፊት ነግራው ሒሳቡን ተረከበችና ሱቁን ሱቅ አደረገችው፤ ከተማ ለከተማ እየዞረችም የወንጌል መዘምራንን አደራጀች። ማሄሊያ ጃክሰንም ዶርሲ ጋር ስትሠራ ገና ስም አልነበራትም፤ መንገድ ላይ ቆማ እየዘመረች ወረቀቶቹ እንዲሸጡ ታደርግ ነበር።

ከ25 እስከ 31 ያሉት ምላሾች በትርጉሙ ላይ ናቸው፤ ክሩ ውስጥ በጣም የተደሰትኩበት ክፍል ይህ ነው። ነገሩ የተጀመረው ፍራይ ካደረገው እርማት ነው። ዶርሲ በመጀመሪያ የዘመረው ቡሩክ ጌታ ብሎ ነበር። ፍራይ አይሆንም፣ «ፕሬሽስ» በል አለው፤ ውድ፣ የከበረ እንደ ማለት ነው። ዶርሲም ቃሉን ለወጠ። ይህን ቃል ወደ አማርኛ እንዴት እንመልሰው? 25ኛው ክቡር ጌታ ይባል አለ። 26ኛዋ ክቡር የሚኒስትር ማዕረግ ሆኗል፣ እጁን እንዲሰጥ የሚለመን ሰው እንዲህ አይጠራም አለች። እኔ የጻፍኩትን «ውድ ጌታ» 27ኛው የደብዳቤ ሰላምታ ይመስላል ብሎ ጣለው። ያው ሰው ሌላም ስሕተት አገኘብኝ፦ አማርኛ ተናጋሪ በጨለማ ደረጃ ሲወርድ እጄን ያዝ አይልም፤ እጄን ያዘኝ ይላል። ተቀበልኩ። የሙዚቃ መምህሩ ግን በ28ኛው ምላሽ የዜማው የመጀመሪያ ሐረግ የሚሸከመው ስድስት ክፍለ ቃል ብቻ መሆኑን አስታወሰ። ያዘኝ ካልን አንድ ይተርፋል፤ ያዝ ካልን ልክ ይገባል። እርሱ ራሱ ያመጣው «ውዴ ሆይ፣ እጄን ያዝ» የሚል ነው፤ ቆጠርኩት፣ ስድስት ነው።

29ኛው ውዴ የዘፈን ቃል ነው ብሎ ተቃወመ። 30ኛዋ መኃልየ መኃልይን ከፍቶ እንዲያነብ መከረችው፤ ውዴ የሚለው ቃል ደጋግሞ አለ። 31ኛው አያቱ ልጆቻቸውን ሁሉ ውዴ ብለው ይጠሩ እንደ ነበር ጻፈ፤ ሊሞቱ ሲሉ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፣ በድምፅ እየለዩ ውዴ ና እጄን ያዝ ይሉ ነበር። ከዚህ በኋላ ስለ ቃሉ የጻፈ የለም። እኔም የ31ኛውን አያት ይዤ ለውሳኔ ወደ ኅብረቱ ሄድኩ፤ «ውዴ ሆይ» ጸደቀ።

32ኛው ቴነራችን ነው። ክሩን ከመጀመሪያው እያነበበ እንደ ነበር አላወቅሁም። አጭር ነው የጻፈው። ስለ ዜማው ተሳስቶ እንደ ነበር አመነ። ያን የ1928 ዘፈን የጻፈ እጅ የጻፈውን ለመዘመር ግን ልቡ ገና አልፈቀደም፤ በመታሰቢያው ቀን ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ያደምጣል፣ ወንበር የማስተካከሉንም ሥራ ይወስዳል። 33ኛው ግትር ነህ አለው። እኔ ግን ግትር አይደለም እላለሁ። ሰውየው እናታችን በታመሙ ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ሄዶ ውኃ የቀዳላቸው ነው፤ ከማን ጋር መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል።

34ኛዋ ከሶፕራኖዎቻችን አንዷ ናት፤ ማንም ያላሰበውን ጠየቀች። በላ ፍላት ከጀመርን የሦስተኛው መስመር ከፍታ ለሴቶቹ ይከብዳል፤ በሐዘን የተዘጋ ጉሮሮ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚችለው። መምህሩን አማክሬ ወደ ፋ አወረድነው። ባሶቹ (በወፍራሙ የወንድ ድምፅ የምትዘምሩት) ቅዳሜ ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ኑ፤ አሮጌው ወረቀት ላይ «ውድ ጌታ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዛችሁ «ውዴ ሆይ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ሌላ አላሳተምንም።